የተሰፋው ምዕራፍ

«ጀፎረ?» አሉ መምህር በኃይሉ። «ሚስጥር፣ ጀፎረ ነው ያልሽው?»

ሚስጥር ሰሌዳው ፊት ቆማለች፤ የያዘችው ጠመኔ በላብ ርሷል። ከጀርባዋ የሳምንቱ ጥያቄ በትልልቁ ተጽፏል፦ «አንድ ልቦለድ ዘመን የሚሻገረው በምን ምክንያት ነው?» እሷ ደግሞ መልሷን አሳምራ ይዛ ነው የመጣችው። መጨረሻው ነው አለች፤ ምሳሌዋ ለቡድን ሥራ የመረጡት አንድ የታወቀ የቆየ ልቦለድ ነው። ልጁ ከስንት ዓመት በኋላ በጀፎረው መሃል እየሮጠ ሲመጣ፣ እናቱም ክትፎና አይቤ በሸክላ ጣባ አቅርባ ስታጎርሰው፣ ያንን ያነበበ ሰው መጽሐፉን እስኪሞት አይረሳውም አለች።

ክፍሉ በሳቅ ፈነዳ። ወልቂጤ አድጎ ጀፎረን የማያውቅ የለማ! በጉራጌ መንደር በሁለት ረድፍ ቤቶች መሃል የሚዘረጋው ሰፊ ሣር፣ ሰርጉም ለቅሶውም የሚዋልበት መንገድ ነው። መጽሐፉ ግን የሚተርከው ስለ ጎጃም ገበሬዎች ነው።

«ቀጥሎ ደግሞ ደብረ ማርቆስ ላይ እንሰት ትተክልልናለች!» አለ ከኋላ አንዱ። ሳቁ እንደገና ተነሳ።

መምህሩ አልሳቁም። «የመጨረሻውን ምዕራፍ ራስሽ አንብበሽዋል?»

«አባዬ ነው ያነበበልን፣ ቲቸር። በየክረምቱ ያነብልን ነበር።»

«ልጁ እኮ አልደረሰም» አሉ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። «ሲመጣ የእናቱ የለቅሶ ድንኳን ተተክሎ ነው ያገኘው።»

እንዴት ወደ ቦታዋ እንደተመለሰች አታውቅም። አጠገቧ የምትቀመጠው ዘይባ፣ የቡድን ሥራውን አብራት የሠራችው ጓደኛዋ፣ ወደ ጆሮዋ ጠጋ አለች። «ወላሂ፣ ቴሌግራም ላይ ያገኘሁት ማጠቃለያም አልደረሰም ነው የሚለው።»

«ታዲያ ብትነግሪኝ ምን ነበረበት?»

«ስታወሪው ደስ ብሎሽ ነበራ። እንዴት ብዬ ላበላሽብሽ?»

ሚስጥር ፊቷን አዞረችባት። ከትምህርት ቤት እስከ ቤቷም ማንንም ሳታናግር ነው የሄደችው።

ቤታቸው ከመናኸሪያው ጀርባ ነው። የፊተኛዋ ክፍል የአባቷ የሽፈራው የልብስ ስፌት ቤት ነበረች። አሁን የስፌት መኪናው አንሶላ ለብሶ ጥግ ቆሟል፤ በቦታው የአባቷ አልጋ ገብቷል። ጉበቱ ነው። ሐኪሞቹ «ከእንግዲህ ቤቱ ይሁን» ብለው ሲመልሱት እናቷ አሰገደች ነገሩ ገብቷት ሆስፒታሉ በር ላይ ቁጭ ብላ አለቀሰች። ይህን የማያውቀው ዮሴፍ ብቻ ነው። ታላቅ ወንድሟ ዮሴፍ ደቡብ አፍሪካ ሱቅ ተቀጥሮ ይሠራል፤ እሑድ እሑድ በእሷ ስልክ «አባዬ እንዴት ነው?» ብሎ ይጽፋል። እሷም ትመልሳለች፦ «እየተሻለው ነው።»

እንዲህ በይው ያላት አባቷ ነው። «የመኖሪያ ወረቀት የለውም። አንዴ ከወጣ መመለሻ የለውም፤ እንጀራውን አልዘጋበትም» ብሏል።

ያን ዕለት ከሰዓት እናቷ ገበያ ነበረች። ሚስጥር ቦርሳዋን አሽቀንጥራ ጣለች። «አዋረድከኝ! በሰው ፊት ጀፎረ ጀፎረ እያልኩ! ልጁ አልደረሰም አይደል?»

አባቷ ሳቀ። ሳቁ ጎኑን ወጋው መሰል በእጁ ደግፎ ያዘው። «ጀፎረውንም ነገርሻቸው?»

«ጣባውንም!»

«አይ ሽፈራው!» አለ ራሱን። «ጣባው እንኳ ቢቀር ምናለበት።»

እሷንም ሳቅ ሊያመልጣት ሆነ፤ ይኸው ደግሞ ይበልጥ አናደዳት።

«ዮሴፍ ያኔ ሕፃን ነበር» አለ አባቷ። «መጨረሻው ላይ ስደርስ ብርድ ልብሱን እስከ አፍንጫው ስቦ ‹ደረሰ?› አለኝ። አፌ እምቢ አለኝ፤ ደረሰ አልኩት። በዓመቱ ደግሞ ‹በየት መጣ? ምን በላ?› እያለ ያፋጥጠኝ ጀመር። ምን ላድርግ? ባገሬ መንገድ አመጣሁት፣ የቤቴን አቀረብኩለት። አንቺም ተወለድሽና እሱኑ ሰማሽ።»

«መጽሐፉን እያየህ እኮ ነበር የምታነበው!»

«እስቲ አምጪው።»

ከስፌት መኪናው ሥር አወጣችው። አባቷ ከሱሪ ቁራጭ የሰፋለት ልባስ ጠርዙ ነትቧል። የኋለኞቹ ገጾች ዳር ዳሩን በጥቁር ክር ተሰፍተዋል። ሚስጥር ክሩን ሁልጊዜ ታየዋለች፤ ቅጠሎቹ እንዳይረግፉ ነው ብላ ነበር። አሁን ጠጋ ብላ ስታየው ግን የመጨረሻው ምዕራፍ በሙሉ እንደ ኪስ ተዘግቷል።

«ከሰፋኸው ለምን አልቀደድከውም?»

«መጽሐፍ ይቀደዳል እንዴ?» አለ ተቆጥቶ። ከዚያ ትንፋሹን ሰበሰበ። «ስንቱን ልቦለድ አንብቤ ረሳሁት መሰለሽ። ይሄ ግን ሰፍቼውም አልለቀቀኝም። ሱሪ ስቆርጥም ቁልፍ ስተክልም ያችው ገጽ ትመጣብኛለች። ፍቺውና አንብቢልኝ።»

ሚስጥር ፈራች። እናትየው የሞተችበትን፣ ልጅየው የዘገየበትን ምዕራፍ በዚህ አልጋ አጠገብ? ክሩን ከፈታችው አባቷ ዮሴፍን መጠበቁን የሚያቆም፣ የሚሞትባትም መሰላት። መጽሐፉን እንደተዘጋ ጭኗ ላይ አስቀመጠችና በቃሏ ጀመረች፦ «ልጁ በጀፎረው መሃል እየሮጠ…»

«ተይው እሱን። እሱ የኔ ነው። የደራሲውን ነው ያልኩሽ።»

«ዮሴፍ ይመጣል እኮ፣ አባዬ።»

አባቷ በአገጩ ወደ ስፌት መኪናው ጠቆመ። «መቀሷ መሳቢያው ውስጥ አለች» አለ።

ክሩ እንዳሰበችው አላስቸገራትም፤ አንድ ሁለት ቦታ ስትቆርጠው ተተርትሮ መጣ። ከውስጥ ያሉት ገጾች ብርሃን ስላልነካቸው ከሌሎቹ ነጥተዋል። ማንበብ ጀመረች።

እናትየው ታማለች። ልጇ ወዳለበት ቆላ የሚወርደውን መንገደኛ ሁሉ እያስጠራች «ደህና ናት በሉልኝ፤ ሥራውን እንዳይተው» ትላለች። መንገደኛውም ሁሉ ደህና ናት ይለዋል። ልጁ ደስ ይለውና ሌላ መኸር ይቆያል፤ ጋቢ ይገዛላታል። ጋቢውን ተሸክሞ ሲመጣ ደጃፉ ላይ ድንኳን አለ። የመንደሩ ሰው ዓይኑን ማየት አቃተው። ልጁ አላለቀሰም። «ለምን አልነገራችሁኝም?» ብቻ አለ። የመለሰለት የለም፤ መጽሐፉም እዚያው ላይ ያበቃል።

ሚስጥር ቀና ስትል የአባቷ ከንፈሮች ይንቀሳቀሳሉ። አብሯት ሲያነበንብ ነበር ለካ፤ አንዲት ቃል አልጠፋችውም።

«ይህን ሁሉ እያወቅህ ነው» አለች፣ «ለዮሴፍ እንደዚያ ጻፊ የምትለኝ?»

«እንጀራው ነው ልጄ…» ብሎ ጀመረ። ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ።

ውጭ አንድ ባጃጅ ክላክሱን እያንጫረረ አለፈ። ሚስጥር ስልኳን ከቦርሳዋ አወጣች። የዮሴፍ ጥያቄና የእሷ መልስ እየተፈራረቁ እስከ ላይ ተደርድረዋል፤ እየተሻለው ነው፣ እየተሻለው ነው፣ እየተሻለው ነው። ጣቷ ለምዶ «እየተ» ብሎ ጀመረ። አጠፋችው።

«ምን እየጻፍሽ ነው?» አለ አባቷ ሳይዞር።

«ያለውን።»

ተይ እስኪላት ጠበቀች። አላላትም። «አባዬ አልተሻለውም። ሐኪሞቹ ቤቱ ይሁን ብለዋል። ወረቀት እንደሌለህ አውቃለሁ፤ የምትመጣ ከሆነ ግን አሁን ነው» ብላ ጻፈች፤ ላከችው። ከመልእክቱ ሥር አንዲት ግራጫ ምልክት ብቻ ታየች። ለእሱ መድረሱን የምታሳየውን ሁለተኛዋን ጠበቀች፤ አልመጣችም። የዮሴፍ ስልክ ዝግ ነው።

አባቷ ቀስ ብሎ ወደ እሷ ዞረ። ብርድ ልብሱን እስከ አገጩ ስቦታል።

«ደረሰው?» አላት።

ሚስጥር ስልኩን አየች፤ አባቷን አየች። ደረሰው ብትለው አምኗት ይተኛ ነበር።

«ገና ነው፣ አባዬ» አለችና እጁን ያዘችው።