አፋፉ ላይ የተሻለ ቦታ

የአንተነህን ሬሳ ከገደሉ አውጥተው በቃሬዛ ሜዳው ላይ ሲያሳርፉት፣ ኢንስፔክተር የትናየት ከሁሉ አስቀድማ ያየችው እግሩን ነበር። ባዶ እግሩን ነው። በጣቶቹ መሃል የስንዴ ገለባ ተሰክቷል።

አንተነህ ንፋስ መውጫ ላይ ፎቶ ቤት ነበረው። ሰርግና ክርስትና እያነሣ ይኑር እንጂ ልቡ አውሮፕላን ላይ ነበር። ከወገዳ ወጣ ብሎ ባለው የአፈር ማረፊያ አንዲት የበጎ አድራጎት አውሮፕላን መድኃኒት ይዛ ስትመጣ፣ እሱ ጥሩ ቦታ ፍለጋ ጉብታውንም ዛፉንም ሲያዳርስ ያየው ሁሉ «ይኼ ልጅ ሰማይ ላይ ምን ጠፍቶበት ነው?» እያለ ይስቅበት ነበር። በታኅሣሥ ገብርኤል አገሩ ሁሉ ለንግሥ ወጥቶ ሳለ አውሮፕላኗ መጣች፣ ተመልሳም ሄደች። አንተነህ ግን ከሜዳው አልተመለሰም።

«ጫማውስ?» አለች የትናየት።

«ጋሼ ፈንታ አውድማ ዳር ተገኘ» አላት የወረዳው ፖሊስ። «ሽማግሌውን ያሰርነውም ለዚሁ ነው። እህሌን ረገጥህ ብሎ ተጣልቶት ይሆናል። ቤተ ክርስቲያን ነበርሁ ይላል፤ አየሁት የሚል አንድ ሰው ግን አልተገኘም።»

የፈንታ ሚስት ካሣነሽ ከሰዉ መሃል ወጥታ የኢንስፔክተሯን ክንድ ያዘች።

«ልጄ፣ እህላችን አውድማ ላይ ነው» አለቻት። እጇን ወደ ጉና ተራራ ዘረጋች፤ የበጋ ደመና ተጠርቅሟል። «ግማሹ ገና ከገለባው አልተለየም። ለነፍሰ ገዳይ ደቦ ማን ይወጣል? የቀረውን ውርጭ በልቶብናል፣ ዘንድሮ ከዚህ ሌላ የለንም። ዝናቡ ሳይቀድም ሽማግሌዬን ካልሰጣችሁኝ፣ ሁለታችንንም ገደላችሁን ማለት ነው።»

የትናየት ቃል አልሰጠቻትም። ቃል የሰጠቻቸው ሰዎች ስንቱን እንዳጡ ታውቃለች።

«እትዬ ካሣነሽ፣ ሰሞኑን ነፋሱ በየት በኩል ነበር?»

ካሣነሽ ጥያቄው ግራ ገባት። «ከጉና ነው እንጂ። ሰሞኑን ሁሉ ከጉና ነበር። የገብርኤል ዕለት ብቻ ዞሮ ከበሽሎ ገደል በኩል መጣ፤ ለንግሥ ስንወጣ አቧራው ዓይናችንን አጠፋው።»

ፈንታን በወረዳው እስር ቤት አገኘችው። የደብሩ ሰበካ ጉባኤ አባል ነው፤ አምና አንድ ጎረቤቱ በበዓል ሲያርስ አግኝቶት በጉባኤ ፊት ያሳፈረው እሱ ነበር።

«የገብርኤል ዕለት የት ነበሩ፣ ጋሼ ፈንታ?»

«ቤተ ክርስቲያን።»

«ማንም አላየዎትም።»

«እግዜር አይቶኛል» አለና ፊቱን ወደ ግድግዳው መለሰ። የትናየት ሰውዬው ከእስር ይልቅ ሌላ ነገር እንደሚፈራ ያን ጊዜ ጠረጠረች።

የአውሮፕላን ሜዳው ዘበኛ አበባው ከቆርቆሮ ቤቱ በር ላይ ቆሞ ተቀበላት። ወታደር የነበረ፣ ዛሬም ቀበቶውን አጥብቆ የሚታጠቅ ሰው ነው። ከበስተኋላው አንዲት ቀጭን ልጅ ጥግ ላይ ተኝታለች።

«ልጄ ህይወት ናት። ትወድቃለች» አለ፤ የሚጥል በሽታ ማለቱ ነበር። «እኔ ያን ልጅ ስንት ጊዜ አስጠንቅቄዋለሁ፣ ኢንስፔክተር። አውሮፕላኗ እንደ ልማዷ ከገደሉ በኩል ስትገባ፣ እሱ አፋፉ ላይ ወጥቶ ወደ ላይ ሲያንጋጥጥ እግሩ ከዳው መሰለኝ። እኔ ከዚያ በኋላ ዕቃ ሳወርድ ነበርሁ፤ አብራሪውም ይመሰክራል።»

«ሲወድቅ አይተሃል?»

«አላየሁም። ፎቶ ግን ጠላቴ ነው። በወታደርነቴ ጊዜ ለክፍላችን ፎቶ አንሺ ዕቃውን የምሸከም እኔ ነበርሁ። ፎቶ ስንቱን ሰው እንዳስበላ አውቃለሁ።»

ሦስተኛው ተጠርጣሪ የአንተነህ የሥራ ሸሪክ ፍሥሐ ነበር። ባለፈው ሰሞን አንተነህ ለአውሮፕላን ብሎ የሰው ሰርግ ትቶ ሲጠፋ፣ ፍሥሐ በገበያ መሃል «ገደል ይግባልኝ!» ብሎ ሲጮህ ብዙ ሰው ሰምቶታል። አሁን ያቺው ቃል ታስለቅሰዋለች።

«ጥሩ ቦታ የሚለው ምን ዓይነቱን ነበር?» ስትል ጠየቀችው።

«ፀሐይ ከጀርባው የምትሆንበትን፣ አውሮፕላኗ ደግሞ ዝቅ ብላ ወደ እሱ የምትመጣበትን። ለዚህ ብሎ ነፋስ ያጠና ነበር፤ አውሮፕላን ስታርፍም ስትነሣም ፊቷን ወደ ነፋሱ አዙራ ነው።» አፍንጫውን ጠረገ። «ካሜራው ተገኘ?»

ተገኝቷል። የተገኘው ከሬሳው ጋር ሳይሆን አፋፉ ላይ ነው። ሌንሱ ተነቅሎ፣ መዝጊያዎቹ ሁሉ ተከፍተው፣ ሆዱን ለፀሐይ ሰጥቶ ጠፍጣፋ ድንጋይ ላይ ተቀምጧል። ፎቶዎቹ ያሉበት ካርድ ግን ከቦታው አልተነካም።

በማግሥቱ የትናየት የፈንታን አውድማ ብቻዋን ዞረችው። አውድማው ያለው ከገደሉ ተቃራኒ፣ ማረፊያው በጉና በኩል በሚያልቅበት ጉብታ ላይ ነው። የቆየው ገለባ ወደ በሽሎ በኩል ተከምሯል። ከጉብታው ማዶ፣ በጉና በኩል ግን ሌላ ገለባ አለ፤ ስስ ነው፣ ቢጫነቱም ገና አልደበዘዘም። እህል የሚያዘሩበት መንሽም ከክምሩ ሥር ተደብቋል። የትናየት መንሹን ስታይ ለፈንታ አዘነችለት፣ በራሷም ሥራ አዘነች። ወዲያው ሰዎቹ ሁሉ እዚያው አውድማው ላይ እንዲመጡላት አዘዘች።

ፈንታን ካቴና እንዳጠለቀ አመጡት። አበባው፣ ፍሥሐ፣ ካሣነሽና የደብሩ ቄስ ተከትለው መጡ። አውድማው ጋ ሲደርሱ ገበሬውም ቄሱም ሳይነጋገሩ ጫማቸውን አወለቁ። ደመናው ጉናን ሸፍኖታል።

«አያችሁ?» አለች የትናየት፣ የራሷን ጫማ እያወለቀች። «እህል ያለበት አውድማ በጫማ አይረገጥም። አንተነህም ጫማውን አውልቆ አውድማው ዳር አስተካክሎ አስቀመጠ። ሊጣላ የመጣ ሰው፣ ወይም የሚያሳድዱት ሰው እንዲህ አያደርግም። በሰላም ነው የገባው። ያስገባውም ሰው እዚሁ ነበር።»

ፈንታ አቀረቀረ።

«የቆየው ገለባ በበሽሎ በኩል ነው፤ ነፋሱ ከጉና ስለሚመጣ። አዲሱ በተቃራኒው ወድቋል። ነፋሱ የዞረው ደግሞ በገብርኤል ዕለት ብቻ ነው።» ወደ ሽማግሌው ዞረች። «ጋሼ ፈንታ፣ ይህን ልሰውርልዎ ብችል ደስ ይለኝ ነበር። በገብርኤል ዕለት እህል ሲያዘሩ ነበር።»

ካሣነሽ አፏን በነጠላዋ ያዘች። ቄሱ ዓይናቸውን ጨፈኑ።

«ደመናውን አይቼ ነው፣ አባ» አለ ፈንታ፣ ከፖሊሷ ይልቅ ለቄሱ። «ነፋሱም ተገኘ። አገሩ ንግሥ ነው፣ ማን ያየኛል አልሁ። በሰው የፈረድሁትን በራሴ ሠራሁት።»

«አውሮፕላን የምታርፈው ነፋሱን ፊት ለፊት ገጥማ ነው» ስትል የትናየት ቀጠለች። «ነፋሱ ከበሽሎ ከሆነ፣ የዚያን ዕለት የገባችው ከጉና በኩል፣ በዚህ አውድማ አናት ላይ ነው። የጠዋት ፀሐይም ከጀርባው ነበረች። አንተነህ ዕድሜውን ሁሉ የፈለገው ቦታ ይህ ነበር። አንተ ግን፣ አበባው፣ በገደሉ በኩል ስትገባ ወደቀ አልህ። በገደሉ በኩል አልገባችም። በዚያ በኩል የወጣችው ስትነሣ ነው፤ ያን ጊዜ ዕቃው ወርዶ አልቋል፣ አብራሪውም ስለ አንተ የሚያውቀው ነገር የለም።»

«ተሳስቼ ይሆናል…»

«ካሜራውስ? ፍሥሐ ቢሆን ካርዱን አውጥቶ በኪሱ ይከት ነበር። ጋሼ ፈንታ ካሜራ መክፈቻው የት እንደሆነ አያውቁም። ሆዱን ከፍቶ ለፀሐይ የሚሰጥ፣ ፊልም በብርሃን እንደሚቃጠል በድሮ ጊዜ የተማረ ሰው ነው። ይኼኛው ካሜራ ፊልም የለውም።»

የአበባው እጅ ወደ ቀበቶው ሄዶ እዚያው ቀረ። ፈንታ ቀስ ብሎ ተናገረ።

«ዘበኛው መጥቶ ልጁን ጠራው። እኔ ከክምሩ ኋላ ተደበቅሁ፣ እንዳያየኝ። ‹ልትነሣ ነው፣ አፋፉ ላይ የተሻለ ቦታ አሳይሃለሁ› ሲለው ሰማሁ። ልጁ ከደስታው ብዛት ጫማውን ሳያጠልቅ ሮጠ። ሌላ አላየሁም። ይህንኑ እንዳልናገር… የት ሆነህ ሰማህ ይሉኛል ብዬ…»

ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው ይባላል፤ አንተነህንም የወሰደው ሲመኘው የኖረው ነገር ነበር።

አበባው ሲናገር ማንንም አላየም። «ከመድኃኒቱ ካርቶን ለልጄ ክኒን እነጥልላት ነበር። ጤና ጣቢያው የለውም። ክኒኑን ካልዋጠች ትወድቃለች፣ አንድ ቀን እሳት ላይ ትወድቅብኛለች። የዚያን ዕለት ደረቴ ውስጥ ስከት ያ ረጅም ሌንስ ወደ እኔ ዞሮ አየሁ። ከሥራዬ ቢያስወጣኝስ? አፋፉ ላይ ካሜራውን ስጠኝ አልሁት፤ አልሰጥም ብሎ ሳቀ። ቀልድ መስሎት ነበር። ካሜራውን ነጥቄ ገፋሁት።»

ፍሥሐ ኢንስፔክተሯ የሰጠችውን ካርድ በራሱ ካሜራ ውስጥ አስገብቶ ነበር። የትናየት ስትጠቅሰው ምስሉን አምጥቶ አበባው ፊት ያዘለት። የአውሮፕላኗ ጎማ፣ በጎማው ላይ የተጣበቀው ጭቃ ሳይቀር፣ ጥርት ብሎ ይታያል። ከጎማው ኋላ አንድ ብዥ ያለ ነገር አለ፤ ሰው ይሁን ግንድ አይለይም።

«እኔ የት አለሁ?» አለ አበባው።

«ይኸውልህ» አለ ፍሥሐ፣ ብዥታውን እያሳየው። «እሱ ያየው ጎማውን ብቻ ነው። አንተን ከነመኖርህም አላየህም።»

አበባው ምስሉን ደጋግሞ አየ፣ ከዚያ እንደ ሕፃን ድምፅ አውጥቶ አለቀሰ። የትናየት እጇን ዘረጋችለት፤ ከደረት ኪሱ የመድኃኒቱን ጥቅል አውጥቶ ሰጣት። ለልጅቱ ልትመልስላት እንደማትችል፣ ማስረጃ ተብሎ እንደሚታሸግ ታውቃለች። ጥቅሉን ቦርሳዋ ውስጥ ስትከት ራሷን ጠላች።

የፈንታን ካቴና ፈትተው ለአበባው ሲያጠልቁለት የመጀመሪያው ጠብታ ወረደ። ወዲያው ዝናቡ ዶፍ ሆነ። ፈንታ ወደ እህሉ ሮጠ፣ ጋቢውን አውልቆ ክምሩ ላይ ጣለው፤ ካሣነሽ ነጠላዋን ጨመረች፣ ቄሱም ካባቸውን። ለዚያ ሁሉ እህል ሦስት ጨርቅ ምን ይሆናል? ውሃው ስንዴውን እያንከባለለ ከአውድማው ጠርዝ ወደ ታች ይዞት ወረደ።

ፖሊሶቹ አበባውን ሲወስዱት ዞሮ ቆመ። «ልጄስ?» አለ። «ህይወትስ?»

 ፈንታ ጭቃ በጭቃ ሆኖ ከክምሩ ቀና አለ። አስቀድሞ ቢናገር ኖሮ እህሉም ይተርፍ እንደነበር እያሰበ ይሆናል፤ ዘበኛውን ግን አላየውም።

«ከኛ ዘንድ ትምጣ» አለ።

ካሣነሽ በእጇ ያፈሰችውን እርጥብ ስንዴ አየችው። «ትምጣ» አለች እሷም። «የምንሰጣት ግን የለም።»