የኬላው ፖስታ

ሹፌሩ መጀመሪያ ያያት ዕለት ማደያውን ሊያቃጥለው ምንም አልቀረው። ናፍጣ እየቀዳችለት ነበር። ቱቦው ገና ከታንከሩ አፍ ሳይወጣ፣ ዓይኑን እሷ ላይ እንደተከለ ማርሽ አስገባና ነዳው። ቱቦው ተመዝዞ መሬት ላይ ወደቀ፤ ናፍጣው እስከ ጉልበቷ ረጫት።

«አንተ ሰውዬ! ዓይን የለህም?»

«አለኝ... ጥፋቱም የዓይኔ ነው» አላት ከጋቢናው ዘሎ እየወረደ።

ልትቆጣ ፈልጋ ሳቋ አመለጣት። ዓመት ሳይሞላ ተጋቡ። እናቷን በልጅነቷ አጥታ ያሳደጋት አባቷ ነበርና ብቻውን ልትተወው አልሆነላትም፤ እዚያው እሱ ቤት ኑሯቸውን ጀመሩ። ሰዓት ሠሪው አባቷ መስኮቱ ሥር ተቀምጦ የሰው ሰዓት እየፈታ፣ «ልጄን በናፍጣ አጥቦ የወሰደ ሌባ!» እያለ በአማቹ ይቀልድ ነበር። የሚወደውን ሰው ካልሰደበ ደስ አይለውም።

ከዚያ በሽታው መጣ።

ማደያው በር ላይ የእጅ መታጠቢያ በርሜል ተተከለ። የሰው ፊት በማስክ ተሸፈነ። የጭነት መኪና ሹፌሮች ኬላ ላይ ከአፍንጫቸው ናሙና እየተወሰደ፣ ውጤታቸው እስኪመጣ ሦስት ቀን እዚያው እንዲቆዩ ታዘዙ። ቤታቸው ሲገቡም ዐሥራ አራት ቀን ለብቻ ነው። እሱ ከመንገድ በተመለሰ ቁጥር የጓሮዋ ክፍል ውስጥ ይገባል። እሷ ምግቡን ደፍ ላይ ታስቀምጥና ሦስት እርምጃ ወደ ኋላ ትላለች።

«ናፈቅሽኝ እኮ።»

«ማስክህን አድርግና ናፍቀኝ!»

ይሳሳቃሉ። ሳቃቸው ግን ቶሎ ያልቅ ነበር። ያን ሰሞን ስልክ በጮኸ ቁጥር ማን ሞተ ይሆን ብሎ የማይደነግጥ አልነበረም።

አንድ ሐሙስ ሹፌሩ ሳይታሰብ ከተፍ አለ። ናሙና ሰጥቶ፣ ውጤቱን መጠበቅ አቅቶት፣ ተደብቆ ነው የመጣው። በሩን የከፈተለት አባቷ ነበር።

«አባባ፣ አይጠጉኝ! ውጤቴ አልደረሰም!»

«ዝም በል አንተ! ልጄ ከመንገድ ገብቶ በሩቅ እጄን አላወዛውዝም» አለና ሳብ አድርጎ አቀፈው።

እሷ በኩሽናው መስኮት አየቻቸው። «ተው አባዬ!» ልትል አሰበችና ተወችው። ከዚያ በፊት በነበረው ሰኞ በእሷም ላይ የደረሰ፣ ለማንም ያልተናገረችው ነገር ነበር።

ከዚያ ሐሙስ በዐሥራ አንደኛው ቀን አባቷ በዚያው በሽታ ሞተ። እንዲቀብሩት የተፈቀደው ለዐሥር ሰው ብቻ ነበር፤ ያውም ተራርቀው። እሷና ባሏ ከመቃብሩ ወዲያና ወዲህ ቆመው አለቀሱ። ቤት ስትመለስ የደንበኞቹ ሰዓቶች ጠረጴዛው ላይ እየሠሩ ነበር። በሚቀጥሉት ቀናት አንድ በአንድ ቆሙ። የሚሞላቸው ሰው አልነበረማ።

ሁሉም ያልፋል፤ ያም አለፈ። ትእዛዙ ተነሣ፤ የኬላው ድንኳን ፈረሰ፤ የማደያው በርሜል የሲጋራ ቁራጭ መጣያ ሆነ። ሰው እንደ ልቡ መተቃቀፍ ጀመረ። ሹፌሩ ግን ከጓሮዋ ክፍል አልወጣም!

መጀመሪያ ሐዘኑ ነው አለች። ከዚያ ድካሙ ነው አለች። ሁለት ዓመት ሙሉ በራሱ ሳህን በልቶ፣ በራሱ ኩባያ ጠጥቶ፣ ደፍ ላይ ቆሞ «ደህና እደሪ» ብሏት ይሄዳል። እጁን ልትይዘው ስትል ይሸሻል። ስለዚያ ሐሙስ አንድም ቀን አንስተው አያውቁም። እሱ አያነሣም፤ እሷም ብታነሣ ሰኞን መናገር ይመጣልና ዝም ትላለች። ቀስ በቀስ ዝምታው ሌላ ሐሳብ አመጣባት። ይሄ ሰው መንገድ ላይ ሌላ ትዳር ይዟል!

በመጨረሻ አንድ ረቡዕ ከሰዓት በኋላ ዱብ ዕዳውን አወረደባት።

«ቅዳሜ እሄዳለሁ። ሩቅ መሥመር ነው። ሁለት ዓመት... ከዚያም በላይ ሊሆን ይችላል።»

«ማን ናት?»

«ምኗ?»

«ያገኘሃት ሴት!»

መፍቻውን አነሣና ወደ መኪናው ሄዶ ከኋላው ጎማ ሥር ገባ። እሷ ደሟ ፈላ። ጋቢናው ላይ ወጥታ ዕቃውን ማገላበጥ ጀመረች፤ ልብሱን፣ ሳህኑን፣ ኩባያውን። ከፊት መስታወቱ በላይ ካለው የፀሐይ መከላከያ ጀርባ አንድ ፖስታ ወደቀ።

«ይኸው! አገኘሁት!»

ግን የሴት ደብዳቤ አልነበረም። የኬላው የጤና ድንኳን ማኅተም አለበት። ቀኑን አየችው። የዚያ ሐሙስ ሰሞን ነው። ጠርዙ በእጅ ብዛት አልቋል፤ ሆኖም አንድም ጊዜ አልተከፈተም።

ሹፌሩ ከመኪናው ሥር ወጥቶ ሲያያት ፊቱ ዐመድ መሰለ።

«አስቀምጪው።»

«ምንድን ነው?»

«ውጤቴ ነው። ከቀብሩ በኋላ ጓደኛዬ አመጣልኝ። አልከፈትኩትም... እንዴት ብዬ ልክፈተው?» መፍቻውን መሬት ላይ ጣለው። «አባትሽን የገደልኩት እኔ ነኝ። ሦስት ቀን መታገሥ አቅቶኝ! አንቺን በነካሁሽ ቁጥር እሱ ሲያቅፈኝ ነው የሚታየኝ። ለዚህ ነው የምሄደው።»

ጋቢናው ደረጃ ላይ ተቀመጠች።

ያቺ ሰኞ መጣችባት። ማደያው ላይ ቱቦ ተበጥሶ ናፍጣ እንደ ውሃ ሲፈስ፣ ሰው ሁሉ አፍንጫውን ሲይዝ፣ እሷን አልሸተታትም። ጓንቷን ነክራ አፍንጫዋ ሥር አደረገችው። ምንም! ፈራች። ቢያውቁብኝ ያገሉኛል፣ አባዬን ማን ያየዋል ብላ ደበቀችው። ያን ዕለት ማታም እንደ ልማዷ ፊቷን የአባቷ ፊት ላይ ደፍታ ለታመመ ዓይኑ ጠብታ ጨመረችለት።

እንግዲህ ይህ ፖስታ ከሁለት አንዳቸው ላይ ይፈርዳል። ለሁለት ዓመት ጥፋቱን ፈርቶ የኖረው እሱ ብቻ መስሎት ነበር።

«ካገኘሽው አይቀር ክፈቺው» አለ ጀርባውን ሰጥቷት። «እኔ ማየት አልችልም። አንብቢልኝ።»

ቀደደችው። ውስጡ አንዲት ትንሽ ወረቀት ናት። ነጋቲቭ ትላለች።

እሱ አያይም። «ፖዘቲቭ» ብትለው ያምናታል። «ይቅር ብዬሃለሁ» ብትለው እግሯ ላይ ወድቆ ያለቅሳል፤ ምናልባትም ሳይሄድ ይቀራል። ዕድሜዋን ሙሉ ይቅር ያለችው ደግ ሚስት ሆና ትኖራለች። እውነቱን ብትነግረው ደግሞ እሱ ነጻ ይወጣል፤ ነጻ የወጣ ሰው የሚስቱን ጥፋት ይዞ ለምን ይቀመጣል?

ትከሻውን አየችው። ጎብጧል። በሠላሳ አምስት ዓመቱ የሽማግሌ ትከሻ ተሸክሟል።

«ነጋቲቭ ነው» አለች።

ዞረ። «ምን አልሽ?»

«አንተ አይደለህም። አልነበረብህም! እኔ... ያን ሰኞ፣ አንተ ከመምጣትህ በፊት፣ ናፍጣው አልሸተተኝም። ዐውቄ ደበቅኩ። አንተ ስትቃጠል እያየሁም ዝም አልኩ!»

ወረቀቱን ከእጇ ወስዶ አነበበው፤ ደግሞም አነበበው። በአጠገቧ አልፎ በወዲያኛው በር ጋቢናው ውስጥ ገባና በሩን ድርግም አድርጎ ዘጋው።

አበቃ፣ አለች በልቧ። ሞተሩ እስኪነሣ አልጠበቀችም። ወደ ቤት ገብታ የአባቷ ጠረጴዛ አጠገብ ተቀመጠች፤ ሲሄድ ላለማየት። ጊዜው ረዘመባት። ሞተሩ አልተነሣም።

የእግር ኮቴ ሰማች። ለሁለት ዓመት የቆመበትን ደፍ ተሻግሮ ገባ። ሳህኑንና ኩባያውን ይዟል። ከእሷ ሳህን አጠገብ አስቀመጣቸው።

«ተናድጃለሁ» አለ። «ገና ብዙ እናደዳለሁ።»

«ዐውቃለሁ።»

«በሽታው የያዘው ከአንቺም ይሁን ከሌላ፣ አሁን የሚያውቅ የለም። ግን ብቻዬን ተሸክሜው አይቻለሁ፤ ክብደቱን ዐውቀዋለሁ።» ዓይኑ እንባ ሞላ። «ለአንቺ ብቻ ጥዬልሽ አልሄድም።»

ተነሥታ አንገቱ ላይ ተጠመጠመች። አልሸሸም። ፊቷን ደረቱ ላይ ቀብራ ተንሰቀሰቀች።

«ናፍጣ ናፍጣ ትሸታለህ» አለችው።

«ሸተተሽ?»

«ሸተተኝ።»