ለእማማ ከድጃ አበባ ያጠጣሁት

እኔ እንዲህ ያለ ነገር ሲወራ «ሥራ ፈት ሁላ!» ብዬ ተነስቼ የምሄድ ሴት ነኝ፣ ዛር አላውቅ፣ ቡዳ አልፈራ፣ የጎንደር ጎረቤቶቼን ብትጠይቁ ይነግሯችኋል፣ ይህንንም የማወራችሁ ጨንቆኝ እንጂ ወሬ አምሮኝ አይደለም።

ከእማማ ከድጃ ጋር ግድግዳ ነው የሚለየን፣ እሳቸው ሙስሊም እኔ ክርስቲያን፣ እኔ ቤት ጠላ ነክቶት የማያውቅ ለብቻው የተቀመጠ ብርጭቆና ሰሃን አላቸው፣ እንዲያ ተከባብረን ነው የኖርነው። ልጃቸው ሳንጃ ከተማ ወልዳ ሊያርሷት ሲሄዱ በቀለም ባልዲ የተተከለች አበባቸውን አመጡልኝ፣ ያቺ ጥቅል ጎመን የሚያክል አበባ የምታወጣዋን፣ ችግኝ ሻጮቹ ሃይድራንጃ የሚሏትን።

«የሺዬ፣ ውሃ ወዳድ ናት፣ አደራሽን። ባለቤቴ፣ አላህ ይዘንለትና፣ በእጁ የተከላት ናት» አሉኝ።

«ኧረ ይሂዱ እማማ፣ እንደ ልጄ ነው የምይዛት!» አልኩ፣ አፌ መች ይሰንፋል።

ከዚያ የሚካኤል ማኅበር ተራዬ ደረሰ፣ ብቅሉ፣ ጌሾው፣ ጥንስሱ፣ በቃ ረሳኋት። ባየኋት ጊዜ ቅጠሏ ግማሹ ረግፎ ግማሹ እንደ እርጥብ ጨርቅ ተንጠልጥሏል፣ ክው አልኩ። ወደ ጥላ አዞርኳት፣ የደረቀውን ቆረጥኩላት፣ ከነባልዲዋ ሳፋ ውሃ ውስጥ ዘፈዘፍኳት፣ ወይ ፍንክች! የሟች ባላቸውን አበባ ገድዬ በምን ዓይኔ ላያቸው ነው? ጠዳ ከተማ የምትኖረው አክስቴ የሮማን ዛፏን አተላ እያጠጣች እንዳሳደገች ትዝ አለኝና፣ ከጋኑ ሥር የቀረውን አተላ በውሃ አቅጥኜ ገለበጥኩላት። የሙስሊም አበባ መሆኗ፣ ሚካኤልን፣ ያን ሰዓት ትዝ አላለኝም።

ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል ልብስ ከገመድ እያወረድኩ ሳለ ከአበባዋ በኩል ሰው ሲጎነጭ የሚሰማ ድምፅ ሰማሁ፣ የደረቀ አፈር ውሃ ሲጠጣ ነው ብዬ ናቅሁት። ቀጥሎ ግን ትን ያለው ሰው ሳል መጣ፣ እመኑኝ፣ የእማማን ሳል ስንት ዓመት በግድግዳ ሰምቼዋለሁ፣ እሳቸው ደግሞ ሳንጃ ናቸው! ልብሱን ጥዬ ቤት ገባሁ።

ጠዋት አበባዋ ቀና ብላለች። ደስ ብሎኝ ሳልጨርስ ስልኬ ጮኸ፣ እማማ ናቸው።

«የሺዬ፣ ትናንት ጀንበር ስትጠልቅ ባዶ አፌን ትን ብሎኝ ልሞት ነበር።»

«ምነው እማማ፣ ምን አገኘዎት?»

«እንጃ ልጄ። ከዚያ ወዲህ አፌን ጠላ ጠላ ይለኛል። ወላሂ ቀምሼው አላውቅም፣ ሽታውን ካንቺ ቤት ነው የማውቀው። ምን ወንጀል ብሠራ ነው?»

«ይማርዎት እማማ» ብዬ ስልኩን ዘጋሁ።

ሲመለሱ አበባዋ ፈክታ ጠበቀቻቸው፣ እጄን ይዘው ሳሙኝ፣ ምነው ባልሳሙኝ! «ምን አጠጣሻት?» ሲሉኝ «ውሃ ነዋ» አልኩ። በማግስቱ አፈሩን ጠርጌ አውጥቼ አዲስ ሞላሁላት፣ የጠላው ጣዕም ግን እሳቸውን አልተዋቸውም። ለሰላት ውዱእ ሲያደርጉ ይሰማኛል፣ ይጉመጠመጣሉ፣ ይተፋሉ፣ ደግመው ይጉመጠመጣሉ፣ አንዳንዴ ሰላቱን አቋርጠው ዳግም ሊጉመጠመጡ ይነሳሉ። ልነግራቸው ስንቴ በራቸው ድረስ ሄጄ ወሬ ቀይሬ ተመለስኩ።

ትናንት ራሳቸው መጡ።

«የሺዬ፣ በዚህ አፌ አላህ ሰላቴን የሚቀበለኝ ይመስልሻል?»

«እንዴታ እማማ!» አልኩ፣ ቀና ብዬ ግን አላየኋቸውም። አሁን ይህን ስነግራችሁም ይጉመጠመጣሉ።