የቸኮለው መርዶ

ልደቱ በገዛ መደብሩ ደረጃ ሥር ሞቶ የተገኘው ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ ነው። ያገኘው በር ሊከፍት የመጣው ሻጭ አብዲሳ ነበር። ሟቹ በስደት አገር፣ ቶየን በሚባል አደባባይ፣ በአንድ ጠረጴዛ ካልሲ መሸጥ ጀምሮ ባለ ሦስት ፎቅ መደብር ያቆመ፣ ኋላም የከተማው ምክር ቤት አባል የሆነ ሰው ነው።

በሦስተኛው ቀን መርማሪዋ ኑኃሚን ቬስትሊ ለቅሶ ቤት መጣች። ባለቤቱ ወይንሀረግ ፍራሽ ላይ ተቀምጣለች። እንባ አልመጣላትም፤ እጆቿ የሌላ ሰው ይመስሏታል።

«ያን ቀን ጠዋት ማን ነበር እርስዎ ጋ፣ እትዬ?»

«ጎረቤቴ ዋጋዬ። ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ዳቦ ይዛ መጣች። ባትሪ ጨርሻለሁ ብላ ስልኬን ወሰደችው። ኋላ ሽማግሌዎቹ መርዶውን ይዘው መጡ።»

ኑኃሚን ወደ ዓምሃ ዞረች። የወይንሀረግ ታናሽ ወንድም ነው፤ ልደቱ ፖለቲካ ከገባ ወዲህ መደብሩን የሚያስተዳድረው እሱ ነበር።

«እርስዎስ መቼ ሰሙ?»

«አብዲሳ ደውሎ ነው የቀሰቀሰኝ።»

«ከሟቹ ጋር ተጣልታችሁ ነበር ይባላል።»

«ከእሱ ጋር ያልተጣላ አለ እንዴ? የአደጋ መውጫውን በካርቶን ዘግታችኋል፣ ራሴ ለከተማው አስተዳደር፣ ለኮሙኑ፣ አመለክታለሁ ይል ነበር። የገዛ ሱቁን እኮ ነው!»

አንድ ሁለት ለቅሶ ደራሽ ፈገግ አለ።

ኑኃሚን ማስታወሻዋን ዘጋች። «እኛ ሐበሾች ዘንድ ባለ ኀዘን መርዶውን በስልክ አይረዳም። ቀድሞ ሰው ይላካል፣ ስልኩም ይደበቃል። እትዬ ዋጋዬ ያደረጉት ይህንኑ ነው። ግን አስከሬኑ ገና አልተገኘም ነበር። ማን ላካቸው?»

ከወይንሀረግ ጎን የተቀመጠችው ዋጋዬ ነጠላዋን አፏ ላይ ያዘች። «ዓምሃ ነው የደወለልኝ። ልደቱ አርፏል፣ ብቻዋን እንዳትሰማ አለኝ። ሰዓቱን እኔ መች አሰብኩት።»

«የመደብሩ ቁልፍ ያላቸው ሟቹ፣ አብዲሳና ዓምሃ ናቸው። አብዲሳ በዚያ ሰዓት ባቡር ውስጥ ነበር፤ ካሜራ አይቶታል። ሌላም አለ። ሁለት ሰዓት ከአርባ ላይ ከልደቱ ስልክ ወደ ሚስቱ ተደውሏል። ልደቱ ያኔ ገና በሕይወት ነበር፤ የሚስቱ ስልክ ግን እትዬ ዋጋዬ ኪስ ውስጥ ነበር፣ ድምፁ ጠፍቶ።»

ዓምሃ ቀስ ብሎ ተቀመጠ። «ገፋሁት። ሳየው አይንቀሳቀስም። እህቴ፣ ሞቷል ብዬ ነው።»

ማንም አላለቀሰም። ወይንሀረግ ወደ ወንድሟ ዞረች።

«ለእናታችን ማን ይንገራት?» አለች፣ ዕቃ አቀብሉኝ እንደምትል። «የትኛውንስ አስቀድሞ?»