ጋሪውና ሐይቁ

«እስቲ ንጂው!» አለ አባቷ።

ደመና ሱቁ ውስጥ ከቀረቡላቸው ሁለት የሕፃን ጋሪዎች ርካሹ ላይ የትምህርት ቤት ቦርሳዋን አስቀምጣ መግፋት ጀመረች። እውነተኛ ስሟ ሌላ ነው፤ ግን ሐሳቧ ሲንሳፈፍ ስለሚውል ቤት ውስጥ በስሟ የሚጠራት የለም። ወተት ጠብቂ ከተባለች ወተቱ ይገነፍላል፤ ዳቦ ግዢ ከተባለች ዳቦ ቤቱን አልፋ ትሄዳለች። እናቷማ «አንድ ቀን ራስሽንም ረስተሽ ትመጪያለሽ!» እያለች ትስቃለች።

እናቷ ልትወልድ ደርሳለች። ወደ ጸጉር ቤት ሥራዋ ስትመለስ፣ ከሰዓት በኋላ ሕፃኑን የምታንሸራሽረው ደመና ናት። ቤታቸው ደግሞ ቁልቁለት ላይ ነው፤ ትንሽ ወረድ ሲሉ ዋናው መንገድ አለ፤ መኪናው እንደ ጉድ ይከንፋል።

አባቷ የአውቶብስ ሹፌር ስለሆነ ጋሪ የሚገዛውም እንደ መኪና ነው። ጎማውን በእግሩ ነካ ነካ አደረገ፤ ጎንበስ ብሎ ሥሩን አየ።

«የዚህኛው ፍሬን በእግር የሚረገጥ ነው። በቆምሽ ቁጥር መርገጥ አለብሽ። ያኛው ግን እጅሽን ስትለቂው በራሱ ይቆማል። ዋጋው እጥፍ ነው እንጂ! እሱን ከገዛን የሐይቁ ጉዞ ይቀራል። የምትነጂው አንቺ ነሽ፤ ርካሹ ይበቃሻል?»

የሐይቁ ጉዞ! ክፍሏ በሙሉ ሊሄድ ነው። ደመና ደግሞ ሐይቅ በዓይኗ አይታ አታውቅም።

«ይበቃኛል! ሕፃን ነኝ እንዴ አባዬ?»

«እሺ በቃ፣ ዞር ዞር አድርጊውና ንገሪኝ» ብሎ ከሻጯ ጋር ዋጋ ሊከራከር ሄደ።

ደመና እየገፋች ሱቁ ጥግ ደረሰች። ዕቃ የሚወርድበት ዘቅዛቃ ወለል አፋፍ ላይ ቆመች። በመስኮቱ ሰማያዊ መጋረጃ በኩል የገባው ብርሃን ወለሉ ላይ ቀስ ብሎ ይወዛወዛል። ወለሉ ውሃ ሆነ። ጀልባው መጣ፤ ጓደኞቿ ተንጫጩ፤ ነፋሱ ፊቷን ዳሰሳት። እሷም ውሃውን ልትነካ እጆቿን ዘረጋች።

ጓ!

ጋሪው ቁልቁል ተንደርድሮ ከፍራሽ ክምር ጋር ተላትሟል። ቦርሳዋ በግንባሩ ተደፍቷል። ሮጣ አነሣችው፤ አቧራውን አራገፈች፤ ከዚያ ሳታውቀው እንደ ሕፃን ታሻሸው ጀመር። ዙሪያዋን አየች። ማንም ልብ አላላትም። አባቷ ጀርባውን ሰጥቶ «ትንሽ ቀንሺልን እንጂ እህቴ!» ይላል።

ጋሪውን እየገፋች ተመለሰች።

«እህስ፣ ሹፌሯ?» አለ ፈገግ ብሎ። «ርካሹን እንውሰድ?»

አዎ ብትል በቃ፣ ሐይቁ የእሷ ነው። ቦርሳዋን አየችው።

«አባዬ... አመለጠኝ።»

«ምኑ?»

«ጋሪው። ሐሳብ ይዞኝ ጭልጥ አለ፤ ፍሬኑን ሳልረግጥ ለቀቅኩት። ያኛውን እንግዛ።»

አባቷ አያት አያት አደረጋት። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «ሐይቁስ፣ ደመናዬ?» አላት።

«አውቃለሁ።»

እንባዋ ጉንጯ ላይ ወረደ። አልጠረገችውም፤ ሁለቱም እጆቿ የጋሪውን እጀታ እንደጨበጡ ነበሩ።