የዲምፕና ፍሪዘር

ባለሱቋ ዲምፕና ወለሉ ላይ ሞታ ተገኘች። ስትወድቅ ጭንቅላቷ የባንኮኒውን ጠርዝ መትቷል። አጠገቧ የመንደሩ ልጅ ኮልማን ከላሞቹ ወተት የሚሠራው አይስክሬም በየካርቶኑ ቀልጧል፤ ነጩ ፈሳሽ እስከ ጫማዋ ደርሷል።

መርማሪ ኔሳ ስትደርስ የመንደሩ ፖሊስ ኮልማንን ይዞታል። እናቱ አትራክታ በሱቁ በር ላይ ጠበቀቻት።

«ልጄ ላም ሲያልብ እንኳ ቀስ የሚል ልጅ ነው። እባክሽ፣ እኔን እሰሪኝ!»

«ትናንት ከሟች ጋር ሲጨቃጨቅ ተሰምቷል።»

«ጮኋል፤ አልዋሽም። አይስክሬምህን ከፍሪዘሩ ላወጣው ነው ስትለው ደነገጠ። ሌላ የሚሸጥለት ሱቅ የለማ!»

ፍሪዘሩ የፍሮስታን ኩባንያ ነው። የአየርላንድን የአይስክሬም ገበያ ከሞላ ጎደል የያዘው ፍሮስታን ለየሱቁ ፍሪዘር በነጻ ይሰጣል፤ ግን የሌላ ሰው ዕቃ አይግባበት ይላል። የዲምፕና ሱቅ ደግሞ ጠባብ ነው፤ ሁለተኛ ፍሪዘር አይችልም። ትልቁ ኩባንያ በጉልበቱ ትንንሾቹን ከገበያ እያስወጣ መሆን አለመሆኑን የሚመረምሩ የአውሮፓ ኅብረት ሰዎች በዚህ ሳምንት ከብራስልስ ሊመጡ ነበር።

የፍሮስታን ሽያጭ ሠራተኛ ማላኪ ተጠርቶ መጣ።

«ወደዚህ ሱቅ ከመጣሁ ሳምንት አልፎኛል» አለ። እያወራ እጆቹ መደርደሪያው ላይ ያሉትን የብስኩት ፓኮዎች አንድ በአንድ ያዞራሉ፤ ስማቸው ወደ ገዢው እንዲያይ።

ኔሳ ፍሪዘሩን ከፈተች። የፍሮስታን ካርቶኖች ባዶ ቦታ ሳይተዉ ተደርድረዋል፤ የሁሉም ስም ወደ ላይ ነው።

የሟች ወንድም ሎርካን ከኋላዋ አጮልቆ አየ።

«እህቴ ናት እንዲህ ያሰለፈቻቸው? ሳሙናን ከሰርዲን ጋር የምትከምር ሴት!»

«ለመጨረሻ ጊዜ መቼ አየሃት?»

«ትናንት አመሻሽ። ከኮልማን አይስክሬም ከዚሁ ፍሪዘር አውጥቼ በላሁ። ሐሳቧን ቀይራ ነበር። ‹ፍሪዘራቸውን ይውሰዱት፤ ለብራስልሶቹ ሁሉንም እናገራለሁ› አለችኝ።»

አስከሬኑ ተመርምሮ ሲመለስ እንደ አገሩ ልማድ ለስንብት በሟች ቤት ሳሎን ውስጥ አረፈ። ሰው ሻይና ሳንድዊች ይዞ ተሰበሰበ፤ ማላኪም መጣ። ኔሳ ኮልማንን አስመጥታ በሬሳ ሣጥኑ አጠገብ ቆመች።

«የመንደሩ ፖሊስ ‹ዲምፕና አይስክሬሙን ስታወጣ ኮልማን ተናዶ ገፋት› ይላል። ነገር ግን ባለሱቅ ዕቃ ወለል ላይ አታቀልጥም፤ ብታወጣው ጓዳ ውስጥ በረዶ ማስቀመጫ ያለው ትንሽ የቤት ፍሪጅ ነበራት። ደግሞም ላለማውጣት ወስና ነበር።»

«እሱ ሎርካን ያለው ነው» አለ ማላኪ።

«ሎርካን ቢሆን ይበላው ነበር እንጂ ወለል ላይ አይጥለውም።» አንድ ሰው ሳቅ አመለጠውና አፉን ያዘ። «ኮልማንም የገዛ ድካሙን ቀልጦ እንዲፈስ አይተወውም። ገዳዩ የኮልማንን አውጥቶ፣ ክፍተቱን በፍሮስታን ሞልቶ፣ ስማቸውን አስተካክሎ ሄደ። ያን ማድረግ የማን ሥራ ነው?»

ሁሉም ወደ ማላኪ ዞረ። ማላኪ ግን እጆቹን እያየ ነበር። ሳያስበው ጠረጴዛው ላይ ያሉትን የሻይ ፓኮዎች አሰልፏቸዋል።

«አለቆቼ አንድ ሱቅ ካመለጠህ ሥራህም አለቀ አሉኝ» አለ በመጨረሻ። «ለመንኳት። እናገራለሁ አለች። ገፋኋት... ስትወድቅ ምን እንደማደርግ ጠፋኝ። እጄ የለመደውን ሠራ።»

አትራክታ ልጇን አንገቱን አቅፋ አለቀሰች። ከዚያ ቀና አለች።

«ዲምፕና የለችም። ለብራስልሶቹ አሁን ማን ይናገራል?»

ሎርካን ወደ ሻዩ አቀረቀረ። ለቅሶ የመጡት ሌሎች ባለሱቆችም እንዲሁ፤ የፍሮስታን ፍሪዘር በየሱቃቸው አለ።

ማላኪ በር ላይ ቆመ። የኔሳ እጅ ክንዱን ይዞታል።

«እኔ እናገራለሁ» አለ። «በየሱቁ ገብቼ ያስፈራራሁት እኔ ነኝ። ያዘዙኝንም አውቃለሁ።»

አትራክታ አላየችውም። የልጇን ኮት ቁልፍ እየቆለፈችለት ነበር፤ አንዱን ግን በሌላው ቀዳዳ አስገብታዋለች።