ያልተጨመቀው ዳቦ

አባታችሁን በሰው ፊት ያዋረደ ጓደኛ፣ ይቅርታውን በጆሯችሁ ሹክ ቢላችሁ ትቀበላላችሁ? ቶሎ አትመልሱ። ቢላዋም ቶሎ አልመለሰችም፤ ጥያቄው ገና በሩን ሳያንኳኳ እጇ እስከ አንጓው የተፈጨ ስጋ ውስጥ ገብቶ ነበር።

«ቢላዋ» ያሏት የክፍሏ ልጆች ናቸው። አባቷ ሉካንዳ ስላለው ነው የሚሉ አሉ። ምላሷን የቀመሱት ግን በአባቷ አያሳብቡም።

ያ ምላስ ግን ትናንት ከድቷታል። የምግብ ዝግጅት ክበቡ መምህርት ልጆቹን ሁለት ሁለት አድርጋ «ቤታችሁ ሠርታችሁ አምጡ» ብላ ነበር። ቢላዋ ከልጅነት ጓደኛዋ ከፌስታ ጋር ሚትቦል፣ በሶስ የሚበስል የተፈጨ ስጋ ድቡልቡል፣ ሠራች። ስጋው ከአባቷ ሱቅ፣ ወጥ ቤቱ የእናቷ፣ ሳቁ የፌስታ። ክበቡ ፊት ሶሱን አሙቀው ክዳኑን ሲያነሱ ግን አንድም ድቡልቡል ነገር አልነበረም። ሁሉም ፈራርሶ ሾርባ ሆኗል።

«ቲቸር፣ ማንኪያ ነው ስትሮ የምናመጣው?» አለ ከኋላ አንዱ። ክፍሉ በሳቅ ተናጋ።

መምህርቷ አልሳቀችም። «ምን ነክቶት ነው?»

ቢላዋ አፏን ከመክፈቷ በፊት ፌስታ ቀደመች። «ስጋው ነው ቲቸር! የቆየ ስጋ ነው አባቷ የሰጣት።»

ቢላዋ ምን አለች? ምንም። እስካሁን የሚያንገበግባትም ይኸው ነው። ለአንዲት ቅጽበት ራሷም «እውነት ይሆን እንዴ?» ብላ ነበር። አባቷን ተጠራጥራ ነበር፤ ያውም በሳቅ መሀል።

ወሬ እግር አያጣም። ዛሬ ከትምህርት ቤት ስትመለስ በሱቁ በኩል አለፈች። የአንዱ የክበብ ልጅ እናት ከሚዛኑ ፊት ቆማለች። ሴትየዋ ለዓመታት «አንተ እንደወደድክ ቁረጥልኝ» ስትል የኖረች ደንበኛ ናት። ዛሬ ግን ስጋውን አንስታ ወደ አፍንጫዋ አስጠጋችው።

«የዛሬ ነው?»

«የዛሬ ነው እንጂ፣ እመቤቴ» አለ አባቷ እየሳቀ። ሴትየዋ ሄዳ ከዓይን ስትርቅ ሳቁም አብሯት ሄደ። የጸዳውን ጠረጴዛ እንደገና መወልወል ጀመረ።

«አባዬ፣ ሰምተሃል ማለት ነው?»

«ሰምቻለሁ። ተዪው ልጄ። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል።»

«እስኪጠራ ስጋው ይበላሻል፣ አባዬ!»

አባቷ ሊቆጣት ፈልጎ ሳቁ አመለጠው። እሷ ግን አልሳቀችም። ወደ ቤት እየሮጠች አንድ ነገር ትዝ አላት። ከስጋው ጋር ሊቀላቅሉት የደረቀውን ዳቦ ወተት ውስጥ የነከሩበት ሳህን፣ ዕቃ ሲያጥቡ ባዶ ነበር። የተነከረ ዳቦ ከተጨመቀ ወተቱ የት ይሄዳል? ሳህኑ ውስጥ ይቀራል። አልቀረም። እንግዲህ ከዳቦው ጋር ስጋው ውስጥ ገብቷል ማለት ነው።

ግምት ብቻውን አይበቃም። ሚትቦሉን የሠሩ ዕለት የተረፈው ስጋ ፍሪዘር ውስጥ ነበረ። አሟሟችና ለሁለት ከፈለችው። ለሁለቱም ያው ሽንኩርት፣ ያው ጨው፣ ያው ቁንዶ በርበሬ፣ አንድ አንድ እንቁላል። በአንዱ ላይ ዳቦውን ጠብ የሚል እስኪያጣ ጨምቃ ጨመረች። በሌላው ላይ ከነወተቱ ዘረገፈችው። የመጀመሪያው መዳፏ ላይ እሺ ብሎ ተድቦለቦለ። ሁለተኛው በጣቶቿ መሀል ሾለከ፤ እየተጣበቀም እየተንሸራተተም አስቸገራት፤ ልክ ያን ዕለት እንዳደረገው።

ፌስታ የትምህርት ቤት ቦርሳዋን እንዳነገተች ስትገባ መጥበሻው እየተንጫጫ ነበር።

«ኧረ ሽታው! ምን እየሠራሽ ነው?»

«ምስክር እየጠበስኩ።»

«አንቺ ደግሞ! አልበረደልሽም እንዴ?»

ቢላዋ ወደ ምድጃው ዞረች። ሶስ የሚንተከተክባቸው ሁለት ድስቶች ነበሩ። የተጠበሱትን ለየብቻ ጨመረችና ጠበቁ። በአንዱ ድስት ውስጥ ሚትቦሎቹ እንደ ጡጫ ጠንክረው ተንሳፈፉ። በሌላው ውስጥ ጠርዛቸው ተበላ፣ ከዚያ ተሰነጠቁ፣ ከዚያ ሾርባ ሆኑ። ፌስታ አየች። ቦርሳዋን ከትከሻዋ አወረደች።

«ስጋው አንድ ነው» አለች ቢላዋ። «ያው ያን ቀን የሠራንበት። ዳቦውን ጨምቀሽው ነበር?»

«የቱን ዳቦ?»

«እናቴ ስትጠራኝ ‹አጥብቀሽ ጭመቂው› ብዬሽ የሄድኩትን።»

ፌስታ ጣቶቿን አየች። ጥፍሮቿ እንደ ቼሪ ቀልተዋል። «ቀለሙ ገና አልደረቀም ነበር… እንዳለ ገለበጥኩት። ምን ያመጣል ብዬ!» ድምጿ ወረደ። «ቲቸር ስታፈጥብኝ ደነገጥኩ። አፌ ላይ የመጣውን ነው ያልኩት። ስለ አባትሽ አስቤ አይደለም፣ እናቴ ትሙት!»

«አላሰብሽማ። እሱ እኮ ነው የሚያናድደኝ።»

«እሺ፣ ይቅርታ። በቃ? ጥፋቱ የኔ ነው። እዚሁ እንጨርሰው። ለማንም አትንገሪ፤ መሳቂያ ነው የምሆነው።»

እዚሁ እንጨርሰው! ውሸቱ አደባባይ ቆሞ ይጮኻል፣ ይቅርታው ጓዳ ተደብቆ ይንሾካሾካል። አንድ ሰው ገበያ መሀል ጭቃ ለጥፎባችሁ፣ ሊያጥባችሁ ግን ጨለማ ቤት ቢጠራችሁ ምን ትሉታላችሁ? ቢላዋ የምትለው ብዙ ነበራት። ምላሷ ተመልሷል፤ ስለቱም እንዳለ ነው። ግን ከጠንካራዎቹ አንዱን በሹካ አንስታ ለጓደኛዋ ዘረጋች።

«ቅመሺ።»

ፌስታ ቀመሰች። «ይጣፍጣል።»

«ስጋውስ?»

«ስጋውም።»

«ነገ ክበቡ ፊት ይህንኑ በይ።»

«በሰው ሁሉ ፊት? አብደሻል? አልችልም!»

«ስታሚው ችለሽ ነበር።»

ፌስታ ቦርሳዋን አፈፍ አድርጋ ወጣች። በሩ ከኋላዋ ተላተመ።

ቢላዋ ድስቶቹ አጠገብ ብቻዋን ቀረች። ሁሉንም ራሷ መናገር ትችላለች፤ የጥፍሩን ቀለም፣ የተገለበጠውን ሳህን፣ ሁሉንም። ክፍሉ በፌስታ ላይ ለሳምንት ይስቅ ነበር፤ ደስ የሚልም ይመስላል። ግን አባቷ ስጋ ሲቆርጥ አጥንቱ ላይ በጭፍን አይመታም፤ መጋጠሚያውን ፈልጎ ነው ስለቱን የሚያስገባው። ሁለት የምግብ ዕቃ አወጣችና ጠንካራውን በአንዱ፣ የፈረሰውን በሌላው ገልብጣ ከደነች።

በማግስቱ ክበቡ ሲሰበሰብ ዕቃዎቹን መምህርቷ ጠረጴዛ ላይ አስቀምጣ ክዳናቸውን አነሳች። «ቲቸር፣ ሁለቱም የአባቴ ስጋ ነው፤ ያኔ የተረፈው» አለች። ልጆቹ አንገታቸውን አሰገጉ። ስትሮ የጠየቀው ልጅ ከመጀመሪያው ዕቃ አንድ አነሳ፣ አኘከ፣ ለሌላም እጁን ሰደደ። ቀልድ አልመጣለትም፤ አፉ ሞልቷል።

መምህርቷ ከአንዱ ዕቃ ወደ ሌላው እያየች «ታዲያ ይሄኛውን ምን አፈረሰው?» አለች።

የቢላዋ ምላስ መልሱን ያውቀዋል። ግን ወደ ኋላ ዞራ፣ መስኮቱ ሥር አንገቷን ደፍታ የተቀመጠችውን ጓደኛዋን አየች። 

«ፌስታ፣ ተነሺ። የአባቴ ስጋ የቆየ ነበር ወይስ አልነበረም? ለእኔ ትናንት ነግረሽኛል። አሁን ለእነሱ መልሺ።»